አማራጩ ኮምፓይለር ሲጠፋ፦ ቢልድ ለምን ይቆማል? ለምንስ ዝም ብሎ ያልፋል?

ጊት የማይነካ የሶፍትዌር ሠራተኛ ተፈልጎ አይገኝም ማለት ይቻላል። ይህ የኮድ ለውጥ መከታተያ ከተወለደ ጀምሮ በዋናነት በሲ ቋንቋ ሲጻፍ ኖሯል። በኖቬምበር 2025 በወጣው 2.52 እትሙ ግን ረስት የተባለው ቋንቋ በአማራጭነት ገባበት። የፕሮጀክቱ ዕቅድ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ፣ ሜሰን በተባለው መሣሪያ ለሚገነባ ሰው የረስት ኮምፓይለር (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው) ከተገኘ ሥራ ላይ ይውላል፣ ካልተገኘ ይታለፋል። በሜክፋይል፣ ማለትም ሜክ የተባለው መሣሪያ በሚያነበው የግንባታ መመሪያ፣ ለሚገነባ ደግሞ ረስት ዝግ ሆኖ ይቆያል። በቀጣዩ ደረጃ በሁለቱም በኩል በነባሪነት ይከፈታል። ያኔ ኮምፓይለሩ የሌለው ሰው ራሱ ካልዘጋው ግንባታው ይቆምበታል። 3.0 ላይ ሲደረስ መዝጊያው ራሱ ይነሳል።

ይህ ዜና በተወራ ቁጥር ሁለት ነገር ይምታታል። አንደኛው፣ ጊትን የሚጠቀም ሁሉ ረስት መጫን ያለበት መምሰሉ ነው። የለበትም። ኮምፓይለር የሚያስፈልገው ፕሮግራሙን ከምንጭ ኮዱ ለሚገነባ ሰው ነው። ተገንብቶ ያለቀውን ፓኬጅ የሚጭን ሰው አይመለከተውም። ሁለተኛው ግን ውኃ የሚቋጥር ጥያቄ ነው፦ አማራጭ የተባለ ነገር ሲጠፋ ለምን ሥራ ያስቆማል?

ውሳኔው የሚሰጠው ኮዱ ከመነካቱ በፊት ነው

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ቢልድ ሲስተም ደግሞ የትኛው ፋይል፣ በየትኛው ኮምፓይለር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀየር ያስተባብራል። ሲሜክ፣ ሜሰንና አውቶኮንፍ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ሥራው ሁለት ምዕራፍ አለው። ኮንፊገር በሚባለው በመጀመሪያው ምዕራፍ ሲስተሙ ማሽኑን ይፈትሻል። ምን ኮምፓይለር አለ? ስንተኛ ቨርዥን ነው? ትንሽ የሙከራ ኮድ ቢሰጠው ይሠራል? በሁለተኛው ምዕራፍ እውነተኛው ኮድ ይገነባል። አንድ ኮምፓይለር ግዴታ ይሁን አይሁን የሚለየው በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ የፕሮጀክቱ ባለቤት በጻፈው የቢልድ መመሪያ ነው። ሪድሚ በተባለው የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል ላይ የሰፈረውን ማሽኑ አያነበውም።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። መሣሪያዎቹ የየራሳቸው ነባሪ ጠባይ አላቸው፤ ጠባዩም ብዙውን ጊዜ ጥብቅ ነው። ሜሰን ውስጥ አንድ ቋንቋ ሲጨመር «የግድ አይደለም» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር እንደ ግዴታ ይወሰዳል። ሲሜክ ውስጥ ቋንቋ የሚከፍተው ትእዛዝ «ኦፕሽናል» የሚል ቃል ይቀበላል። ነገር ግን የሲሜክ የራሱ ሰነድ ቃሉ ለወደፊት የተያዘ ቦታ እንደሆነና ለጊዜው ምንም እንደማይሠራ ይናገራል። ቃሉን ጽፎ «ጨረስኩ» ያለ ፕሮግራመር፣ የፎርትራን ኮምፓይለር በሌለበት ማሽን ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ ሲልበት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ቼክ ላንጉጅ በተባለው ሞጁል ኮምፓይለሩ መኖሩን መጠየቅ፣ ከተገኘ ብቻ ቋንቋውን መክፈት ነው።

ይባስ የሚለውም አለ። ሲሜክ ፕሮጀክቱ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ካልተነገረው ሲንም ሲ ፕላስ ፕላስንም ይፈልጋል። በዚህ የተነሳ አንዲት መስመር ሲ ፕላስ ፕላስ የሌለበት ፕሮጀክት «የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ገንቢው ኮምፓይለሩን ጭኖ ይገላገላል። ይሠራል፤ ነገር ግን ለማያስፈልገው ነገር ነው የጫነው። ስህተቱ ያለው ፕሮጀክቱን በሚያውጀው መስመር ላይ ነው። እዚያ «ቋንቋው ሲ ብቻ» ተብሎ ቢጻፍ ፍለጋው ራሱ አይነሳም።

መልእክቱ የቆመበትን ቦታ ይናገራል፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው

አውቶኮንፍ ዕድሜ ጠገብ ነው። ዛሬም በብዙ ፕሮጀክት ውስጥ አለ፤ ከነጠባዩ። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ሲፈልግ የታወቁ ስሞችን በየተራ ይሞክራል። አንዱም ካልተገኘ አይቆምም። እንደ መጨረሻ መውጫ «ጂ ፕላስ ፕላስ» የሚለውን ስም ይመዘግብና ጉዞውን ይቀጥላል። የሌለው ነገር እንዳለ ተቆጠረ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ተርሚናሉ ላይ የሚታየውን እንከተል። «ጂ ፕላስ ፕላስ በመፈለግ ላይ... የለም።» «ሲ ፕላስ ፕላስ በመፈለግ ላይ... የለም።» እንዲህ እያለ የተደረደረ «የለም» ያልፋል። ማንም አያየውም፤ ኮንፊገር ሲሮጥ በመቶ የሚቆጠር መስመር ስለሚያወርድ ከመካከሉ ብዙው «የለም» ጉዳት የሌለው ነው። በመጨረሻ ግን አንድ መስመር ሥራውን ያስቆመዋል። ትርጉሙ «የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሪፕሮሰሰሩ የጤንነት ፈተናውን ወድቋል» የሚል ሆኖ፣ ሊብ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያለን ሲፒፒ የሚባል ፋይል በስም ይጠቅሳል። ፕሪፕሮሰሰር ኮዱ ወደ ኮምፓይለሩ ከመግባቱ በፊት የሚያሰናዳው ክፍል ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ፋይሉን ፍለጋ ይነሳል። ፈቃዱን ይፈትሻል፣ ሊንክ ይሠራለታል፣ አንዳንዱ ሲስተሙን እንደ አዲስ እስከ መጫን ይደርሳል። ፋይሉ ግን ምንም አላጠፋም። የጠፋው ቀደም ብሎ «የለም» የተባለው ኮምፓይለር ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ስርጭቶች ጂሲሲን (የታወቀውን የሲ ኮምፓይለር) መጫን የሲ ፕላስ ፕላሱን ኮምፓይለር አያመጣም፤ ጂ ፕላስ ፕላስ የሚባል የብቻው ፓኬጅ አለው። በፌዶራ ጂሲሲ-ሲ-ፕላስ-ፕላስ ይባላል። ፎርትራንም እንደዚሁ ለብቻው የሚጫን ነው።

የፕሪፕሮሰሰር ፍተሻ በሌለበት ፕሮጀክት ደግሞ ኮንፊገር በሰላም ያልቅና ስህተቱ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ይሸጋገራል። ሜክ ይጀምራል፣ ጥቂት ፋይል ይሠራል፣ ከዚያ 127 የሚል ቁጥር ጥሎ ይቆማል። ይህን ቁጥር ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል። ትእዛዝ ተቀባዩ ሼል የተጠራውን ፕሮግራም ፈልጎ ሲያጣ የሚመልሰው ቁጥር ነው። 127 ከታየ ኮዱን መመርመር ጊዜ ማባከን ነው፤ የተጠራው ፕሮግራም ወይ አልተጫነም፣ ወይ ባለበት ቦታ አልተፈለገም።

ስለዚህ የመጨረሻውን መስመር ኮፒ አድርጎ መፈለጊያ ላይ ከመለጠፍ በፊት ወደ ላይ መውጣት ይሻላል። የሚፈለገው የመጀመሪያው ያልተሳካ ፍተሻ ነው። ዝርዝሩ ተርሚናሉ ላይ የለም፣ ሎግ በሚባለው የሥራ መዝገብ ውስጥ ነው። አውቶኮንፍ ኮንፊግ ሎግ በሚባል ፋይል ውስጥ የሞከረውን ኮድና ያገኘውን መልስ ሁሉ ያሰፍራል። ሲሜክ ከ3.26 ጀምሮ ይህንኑ በአንድ ያምል ፋይል ያስቀምጣል፤ ከዚያ በፊት የተሳካውንና የወደቀውን በሁለት ፋይል ከፍሎ ነበር የሚጽፈው። ሜሰንም የራሱ የሎግ ፎልደር አለው። ፋይሎቹ ረጅምና አሰልቺ ናቸው። እውነቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

ተጭኗል፤ ግን አይታይም

ኮምፓይለሩ ማሽኑ ላይ እያለ «አልተገኘም» የሚባልበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ለግራፊክስ ካርድ ኮድ የሚያሰናዳው የኩዳ ኮምፓይለር ጥሩ ምሳሌ ነው። በሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በራሱ ፎልደር ውስጥ ነው። ያ ፎልደር ፓዝ ውስጥ ካልተጨመረ ቢልድ ሲስተሙ አያየውም። ፓዝ ማለት ሲስተሙ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ፓዙን ማስተካከል ወይም የኮምፓይለሩን አድራሻ ለሲሜክ በቀጥታ መስጠት ይበቃል።

ሌላው ደግሞ ታይቶም የሚወድቀው ነው። የኩዳ ኮምፓይለር ብቻውን አይሠራም፤ ከጎኑ ያለውን ጂሲሲ ይጠቀማል፣ የሚቀበለው የጂሲሲ ቨርዥንም ጣሪያ አለው። ሲስተሙ ታድሶ ጂሲሲው ከጣሪያው ካለፈ የሙከራ ኮዱ ይወድቃል። ቼክ ላንጉጅ ይህንን ውድቀት የሚያሳጥረው «አልተገኘም» በሚል ነው። ዐይን ፊት ያለ ፕሮግራም «አልተገኘም» ሲባል ሰው ኩዳን ደግሞ ደጋግሞ ይጭናል። የቨርዥን ግጭቱ በግልጽ የተጻፈው ሎጉ ውስጥ ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎችን የሚያናድደው ካሽ ነው። ሲሜክ ያገኘውን መልስ በቢልድ ፎልደሩ ውስጥ በካሽ ፋይል ይይዛል። ይህን የሚያደርገው በየጊዜው እንደ አዲስ እንዳይፈትሽ ነው። ቼክ ላንጉጅ የሰጠው «አልተገኘም» የሚል መልስም አብሮ ይያዛል። ስለዚህ የጎደለው ኮምፓይለር ከተጫነ በኋላ ኮንፊገር እንደገና ቢሮጥ መልሱ ያው ነው። ሲሜክ አልፈለገም፤ የድሮውን መልስ ነው የደገመው። የቢልድ ፎልደሩን አጥፍቶ መጀመር ሁልጊዜ ይሠራል። ከ3.24 ወዲህ «ፍሬሽ» የሚል ማዘዣም አለው። በሜሰን ተመሳሳዩን የሚያደርገው «ዋይፕ» ነው። ኮምፓይለር ጭኖ ካሽ ሳያጸዳ የተቀመጠ ሰው ስንቱን መፍትሔ ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ እንደሚጥል መገመት አይከብድም።

ጫን የሚለው መልእክት ሁሉ መጫን አይፈልግም

በፌብሩዋሪ 2021 ክሪፕቶግራፊ የተባለው የፓይዘን ላይብረሪ በ3.4 እትሙ ረስትን ወደ ግንባታው አስገባ። ሰፊ ቅሬታ ተነሳ። በብዙ ሰው ማሽን ላይ፣ ረስትን በስም እንኳ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ፣ «የረስት ኮምፓይለር ማግኘት አልተቻለም» የሚል ስህተት ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓይዘን ፓኬጅ በሁለት መልክ ይቀርባል። አንዱ ዊል ይባላል፤ ተገንብቶ ያለቀ ነው፣ ኮምፓይለር አይጠይቅም። ሌላው የምንጭ ኮዱ ነው። ፒፕ የተባለው ጫኚ የሚስማማውን ዊል ካገኘ እሱን ያወርዳል፣ ካጣ ምንጩን አውርዶ ሊገነባ ይነሳል። ክሪፕቶግራፊ ለተለመዱት ሲስተሞች ዊል ነበረው። ነገር ግን አሮጌ ፒፕ አዲሱን የዊል ዓይነት አያውቀውም። አልፓይን ሊኑክስ ደግሞ መስል የተባለ ሌላ የሲ ላይብረሪ ስለሚጠቀም ያኔ የሚስማማው ዊል አልነበረም።

እንግዲህ አንድ መልእክት፣ ሁለት ምክንያት። የአልፓይኑ ሰው እውነትም ረስት ያስፈልገው ነበር። አሮጌ ፒፕ የያዘው ግን ፒፑን ቢያድስ በቂ ነበር፤ ረስት መጫን ለሱ ትርፍ ሥራ ነው። የጠፋውን ኮምፓይለር ከመፈለግ በፊት «ለመሆኑ ለምን ልገነባ ተገደድኩ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አጭሩ መንገድ ነው።

በ3.4 እትም ላይ ረስትን የሚያዘልል መውጫ ነበር፤ ለዚያ ተከታታይ ብቻ የተሰጠ ጊዜያዊ መውጫ። በቀጣዩ ዋና እትም ቀረ። የጊትን ዕቅድ ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው አካሄዱ አንድ መሆኑን ይረዳል።

ዝምታው የሚያስከትለው

እስካሁን ያየነው የሚጮኸውን ስህተት ነው። የሚጮኽ ስህተት ቢያንስ ይታያል። ዝም ብሎ የሚያልፈው የባሰ ነው ባይ ነኝ።

የፓይዘኑ ፓኬጅ መገንቢያ፣ ሴትአፕቱልስ፣ አንድን የሲ ክፍል «አማራጭ ነው» ብሎ ለማወጅ ይፈቅዳል። ኮምፓይለር ከሌለ ያ ክፍል ይዘለላል፣ መጫኑ ግን ይሳካል። ማርክአፕሴፍ የተባለው ላይብረሪ ለምሳሌ ሥራ የሚያፋጥን የሲ ክፍል አለው፤ እሱ ከሌለ በንጹሕ ፓይዘን የተጻፈው ይተካዋል። መልሱ አይለወጥም፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። ይህ ለተጠቃሚው ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ፒፕ ግንባታው ከተሳካ ዝርዝሩን አያሳይም። ስለዚህ በአንዱ ማሽን ፈጥኖ በሌላው የሚያዘግም ፕሮግራም ያገኘ ሰው፣ ምክንያቱ ከወራት በፊት የታለፈ ኮምፓይለር መሆኑን በምን ያውቃል?

ጃቫስክሪፕትን በሚያስኬደው በኖድ ዓለም ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። የኖዱ ፓኬጅ ጫኚ ኤንፒኤም አማራጭ ጥገኛ ፓኬጅ ሲወድቅ መጫኑን አያቆምም። ሆኖም በቆዩት የኤንፒኤም እትሞች ያ ፓኬጅ ኮምፓይለር ፈልጎ ሲያጣ ገጽ ሙሉ የስህተት ጽሑፍ ሊተፋ ይችላል። ሰው ይደነግጣል፣ ሁሉ ነገር ተሳክቶ ሳለ ጥገና ይጀምራል። እዚህ ላይ መታየት ያለበት የመጨረሻው ውጤት ነው፦ መጫኑ ተሳካ ወይስ አልተሳካም?

የሊኑክስ ከርነል፣ የሲስተሙ እምብርት፣ የያዘው መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። በዲሴምበር 2022 የወጣው 6.1 እትም የረስትን ድጋፍ ይዞ መጣ። ተስማሚ የረስት መሣሪያ ካልተገኘ በማዋቀሪያው ሜኑ ላይ የረስት ምርጫ ጭራሹን አይታይም። ይህ ብቻ ቢሆን ተጠቃሚውን ያሳብድ ነበር፤ ሰነዱ «አብራው» የሚለው ምርጫ ዐይን ላይ የለም። ነገር ግን «ረስትአቬይለብል» የሚባል የሜክ ማዘዣ አብሮ አለ። ሲሮጥ ምን እንደጎደለ ይናገራል፦ ኮምፓይለሩ ነው? ቨርዥኑ አርጅቷል? ባይንድጄን የተባለው ረዳት ፕሮግራም ነው? የረስት መሠረታዊ ላይብረሪ ምንጭ ነው? መደበቁን ባልወደውም፣ ለምን እንደተደበቀ የሚናገር መሣሪያ ማዘጋጀታቸው ከብዙ ፕሮጀክት የተሻለ ነው።

ራሱ ይፈልግ ወይስ ይታዘዝ?

በቢልድ ሲስተም ሰዎች መካከል የቆየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን ሲስተሙ ራሱ ይፈትሽ፣ ያገኘውን ይጠቀም፣ ያጣውን ይዝለል ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲስ ሰው ኮዱን አውርዶ በአንድ ትእዛዝ መገንባት አለበት፤ ለማይጠቀምበት ገጽታ ኮምፓይለር እንዲጭን ማስገደድ ያሸሸዋል።

ሌላው ወገን ፓኬጅ የሚያሰናዱ ሰዎች የሚበዙበት ነው። ጄንቱ፣ ፕሮግራሞችን ከምንጭ በመገንባት የሚታወቀው የሊኑክስ ስርጭት፣ ያልታዘዘ ፍለጋን «አውቶማጂክ» ብሎ ይጠራውና እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ክርክራቸው ይህ ነው፦ አንድ ዓይነት ኮድ፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ፣ ግን ማሽኑ ላይ በአጋጣሚ በተገኘው ነገር የተነሳ የተለያየ ውጤት። ገንቢው ያላዘዘው ነገር ይገባል፣ የጠበቀው ይጎድላል።

ለእኔ ሁለቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ የተለያየ ነው። ለግል ማሽን ራስ-ሰር ፍለጋ ይበጃል። ለሌላ ሰው ለሚደርስ ፓኬጅ፣ ወይም በአውቶማቲክ ቢልድ ሰርቨር ላይ ለሚሠራ ነገር፣ ራስ-ሰር ፍለጋ አደጋ አለው። ሜሰን ለዚህ ሦስት ደረጃ አበጅቷል፦ «አውቶ»፣ «ይኑር»፣ «አይኑር»። «ይኑር» የተባለ ነገር ከጠፋ ግንባታው ወዲያው ይቆማል፤ «አይኑር» የተባለ ኮምፓይለሩ ቢኖርም አይነካም። ሁሉንም «አውቶ» የሆኑ ምርጫዎች በአንድ ጊዜ መዝጋትም ይቻላል። በሲሜክና በአውቶኮንፍም ይህንኑ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ግን አይሠሩትም።

አንድ ጥሩ ልማድ በሁለቱም ወገን ተቀባይነት አለው። በኮንፊገር መጨረሻ ላይ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደታለፈና ለምን እንደታለፈ አጭር ማጠቃለያ ማተም ነው። ፓይዘን ራሱ ከምንጭ ሲገነባ ያልተሠሩ አማራጭ ሞጁሎችን ስም መጨረሻ ላይ ይዘረዝራል። ጥቂት መስመር ነው፤ የስንቱን ሰዓት እንደሚያተርፍ ግን ሞጁሉ ጎድሎበት የተቸገረ ያውቀዋል።

ኮምፓይለሩ ጨርሶ በሌለበት

ከላይ የተነሱት ችግሮች ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ ኮምፓይለሩ በዚህ ወይም በዚያ መንገድ ይገኛልና። ከበድ የሚለው ለማሽኑ ዓይነት ኮምፓይለሩ ያልተሠራ ሲሆን ነው። በኦክቶበር 2025 ከዴቢያን የፓኬጅ ማስተዳደሪያ፣ ከኤፒቲ፣ አዘጋጆች በኩል ማስታወቂያ ወጣ። ከሜይ 2026 በፊት ባይሆንም ኤፒቲ ውስጥ ረስት ግዴታ እንደሚሆን የሚገልጽ ነበር። የሚሠራ የረስት መሣሪያ የሌላቸው የማሽን ዓይነቶች ተንከባካቢዎች በስድስት ወር ውስጥ እንዲያዘጋጁ፣ ካልሆነም እንዲዘጉ ተጠየቀ። ጉዳዩ በቀጥታ የነካቸው እንደ አልፋ፣ ኤችፒ-ፒኤ፣ ኤም68ኬና ኤስኤች4 ያሉ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቁ አሮጌ የማሽን ዓይነቶች ናቸው።

ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ደኅንነትን ነው። ከውጭ የመጣ ፋይል የሚተረጉም ኮድ የሜሞሪ ስህተት ሲኖርበት መጠቂያ ይሆናል፤ ረስት ከዚህ ዓይነቱ ስህተት አብዛኛውን ገና ሲገነባ ያስቀራል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሲ ኮምፓይለር ያላገኘው ማሽን የለም ማለት ይቻላል፣ ረስት ግን ኤልኤልቪኤም በተባለው የማሽን ኮድ ማመንጫ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ኤልኤልቪኤም ያልደረሰበት አይደርስም ይላሉ። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ሥራዎች አሉ። አንዱ የረስት ኮምፓይለር ኮድ ማመንጨቱን በጂሲሲ በኩል እንዲያደርግ ያስችላል። ሌላው ለጂሲሲ የራሱን የረስት ክፍል ከመሠረቱ መጻፍ ነው። ሁለቱም ዋናውን ኮምፓይለር የሚተኩበት ደረጃ ላይ ገና አልደረሱም።

የጊት ዕቅድም ይህንን ያገናዘበ ነው። ከ3.0 በፊት የሚወጣው የመጨረሻ እትም ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ የጥገናና የደኅንነት ማስተካከያ እንዲያገኝ ታስቧል። ረስት የማይደርስበት ማሽን ላይ ጊትን የሚገነባ ሰው እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል፦ በቢልድ ትእዛዙ ላይ ረስትን በግልጽ መዝጋትና ከእትም ወደ እትም ሲሸጋገር የለውጥ ማስታወሻውን ማንበብ።